አንበሳና ሽማግሌ የሚመስሉትን ድንጋዮች ላገኘሽው እህቴ

እህቴ፣ ከወንዝ ዳር ከለቀምሻቸው ድንጋዮች አንዱ የአንበሳ ራስ፣ ሌላው የሽማግሌ ፊት እንደሚመስል ጽፈሽ «የጥንት ሰዎች ቀርጸዋቸው ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። ፎቶዎቹን አየኋቸው። ሽማግሌው ለእኔም ታይቶኛል፣ አፍንጫው ሳይቀር። የሰው እጅ ግን አላረፈበትም።

እኔ ድንጋይ መልቀም ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆኖኛል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቦርሳ ሙሉ «ጥንታዊ ቅርጽ» ተሸክሜ አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው ጉጉት ነው ያልኩትን ድንጋይ ገልብጦ «አሁንስ ምን ይታይሃል?» አለኝ። ጫማ ነበር።

የደጋችን ጥቁር ድንጋይ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ነው። ቅልጡ ሲረጋ በውስጡ የታፈነው ጋዝ ቀዳዳ ይተዋል፤ ዓይን የምንለው ይህንኑ ነው። አንዳንዱን ቀዳዳ ነጭ ማዕድን ይሞላዋል፤ ያኔማ ዓይኑ ብሌን ያወጣል። ወንዙ ለስላሳውን ክፍል አስቀድሞ ይበላል፣ ጠንካራው አፍንጫ ሆኖ ይቀራል። የጎደለውን አእምሯችን ይጨምርበታል። ጥላም ያታልላል፦ በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቫይኪንግ 1 የተባለችው መንኮራኩር ከማርስ የሰው ፊት የሚመስል ፎቶ ልካ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር። በ2001 ጥርት ያለ ፎቶ ሲነሳ ተራ ኮረብታ ሆኖ ተገኘ። አንበሳሽንም በጠዋት ብርሃን፣ በቀትርና በመብራት እያዟዟርሽ እዪው።

ሰው የጠረበውን ድንጋይ የሚለየው ፊት ሳይሆን ስለት ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአዋሽ ዳር በሚገኘው መልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰዎች ባልጩት ሲጠርቡ ኖረዋል። በሥራቸው ላይ ጠርዙን ተከትለው የተደረደሩ፣ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰሉ የፍላጭ ጠባሳዎች ይታያሉ። እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሽ ከቦታው አታንሺው፤ ፎቶ አንሥተሽ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቂ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅም ግኝትን ማሳወቅን ግዴታ ያደርጋል። አንድ ወገኑ ብቻ ልሙጥ ሆኖ የተበላ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ የአንዲት ባልቴት የተሰበረ መጅ ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለት ጊዜ ተሸውጃለሁ።

«ቤተሰቦቼ ይስቁብኛል» ላልሽው ግን መልስ አለኝ። በ1925 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በደቡብ አፍሪካ ማካፓንስጋት በተባለ ዋሻ 260 ግራም ገደማ የሚመዝን ቀላ ያለ ድንጋይ ተገኘ። ሁለት ዓይንና አፍ ያለው ይመስላል፤ ሁሉም ግን የተፈጥሮ ነው። አብረውት የተገኙት አውስትራሎፒቴከስ የተባለው የጥንት ሰው መሰል ፍጡር አጥንቶች ወደ 3 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል፤ ድንጋዩም የመጣው ከኪሎሜትሮች ርቀት ነው። ፊት መምሰሉን አይቶ አንዱ ተሸክሞት ገብቶ ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እሱንም ቤተሰቦቹ ስቀውበት ይሆናል።

ድንጋዮቹን በውሃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቢ፤ ዓይናቸውን በምስማር አታጎድጉጂ፣ ቀለምም አትቀቢ። ያገኘሽበትን ቦታና ቀን ጻፊ። ለእንግዳ ስታሳዪ ደግሞ ምን እንደሆነ አስቀድመሽ አትናገሪ። እኔ በጣም የምኮራበትን ዝሆን ለእናቴ ዝም ብዬ አቀበልኳት። አገላብጣ አየችውና «ይህማ ያረረ ዳቦ ነው» አለች። እስከ ዛሬ በቤታችን ስሙ ዳቦው ነው።