ጃፓን ሄደሽ ት/ቤት ስትጎበኚ አይንሽን ምን ላይ ትተክያለሽ?

ሰላም ለደብረ ብርሃኗ መምህርት፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ነው መልስ መፃፍ ያማረኝ፣ ምክንያቱም የነካሽው ነገር እኔ ሁሌ የምንገበገብበት ጉዳይ ነው።

ደብዳቤውን ላላነበበ ሰው ባጭሩ፦ 29 ዓመቷ ነው፣ 7ኛ ክፍል ሂሳብ ስታስተምር 6 ዓመት ሆኗታል፣ ለሂሳብና ሳይንስ መምህራን በተዘጋጀ አጭር ስልጠና ጃፓን ልትሄድ ተመርጣለች። ፕሮግራሙን ስታየው ግን አብዛኛው ቀን "የት/ቤት ጉብኝት" ነው የሚለው። "ሰው ሲያስተምር ቆሜ ማየት ምን ይጠቅመኛል? እነሱ ሁሉ ነገር አላቸው፣ እኔ 70 ልጅ ነው ያለኝ" ትላለች። ቤተሰቧ ደግሞ ባንድ ድምፅ "ከሄድሽ እዛው ቅሪ፣ አትመለሺ" ብለዋታል፣ ወንድሟም "የሚመለስ ሞኝ ነው" ብሏታል፣ አጎቷ ባንክ ስራ አግኝቼልሻለሁ ይላል፣ ስለ ቋንቋና ስለ ፆምም ጠይቃለች።

ዋናው ጉዳይ ጉብኝቱ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ጠዋት ትንንሽ ልጆች ያለ ወላጅ በቡድን ሆነው በእግራቸው ሲመጡ ታያለሽ፣ መሻገሪያው ላይ የሰፈር አዛውንቶች ባንዲራ ይዘው ያሻግሯቸዋል። በር ላይ ጫማ ይቀየራል። ምሳ ሰዓት ነጭ ጋውንና ኮፍያ ያደረጉ ተረኛ ልጆች ለጓደኞቻቸው ምግብ ያድላሉ፣ ከዛ ሁሉም ጨርቅና መጥረጊያ ይዞ ፅዳት ይጀምራል። በጣም ደስ ይላል፣ የሁሉም ሰው ስልክ ከኪስ የሚወጣውም እዛ ጋ ነው። እዛ ሄዶ የተመለሰ መምህር ሪፖርቱ ላይ "ተማሪዎቹ ት/ቤታቸውን ራሳቸው ያፀዳሉ" ብሎ ይፅፋል። እኛስ ጋ ማነው የሚጠርገው? የጠራጊ ተራ ግድግዳ ላይ ተለጥፎልን አይደል እንዴ የተማርነው! ልዩነቱ ያለው መምህሩ ጋ ነው፣ እሱም ጨርቁን ይዞ ከልጆቹ ጋ ወለሉን ይወለውላል፣ ፅዳቱ እንደ ማንኛውም ትምህርት ፕሮግራም ላይ ሰዓት አለው፣ ያጠፋ ልጅ መቅጫም አይደለም። ይሄ ካመለጠሽ ቪዲዮ ብቻ ይዘሽ ነው የምትመለሺው።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፣ ሁሉንም ለማየት አትሩጪ፣ አንድ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ያዢና ከደወል እስከ ደወል በደንብ እዪው። እኔ በተመሳሳይ ስልጠና ሄጄ ያየሁት 5ኛ ክፍል ነበር፣ ትምህርቱ የፓራሌሎግራም ስፋት። በ45 ደቂቃ ውስጥ የተሰጠው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። መምህሯ ቀመር አልፃፈችም፣ ልጆቹ ወረቀት እየቆረጡ ሲገጣጥሙ እሷ የወንበሮቹ አቀማመጥ የተሳለበት ወረቀት ይዛ በየዴስኩ እየዞረች ማን በምን መንገድ እንደሰራ ትመዘግባለች። ከዛ ወደ ሰሌዳ መጥራት ጀመረች፣ እና ቀድማ የጠራችው ጎበዙን አይደለም፣ ትንንሾቹን ካሬዎች አንድ ባንድ የቆጠረውን ልጅ ነው። ቀጥሎ ሁለቱን ጎኖች ዝም ብሎ ያባዛ ልጅ መጣ፣ መልሱ ስህተት ነው፣ እሷ ግን ሰሌዳው ላይ ቦታ ሰጥታ ፃፈችውና "ይሄ ለምን ከቆጠርነው በለጠ?" ብላ ለክፍሉ ወረወረችው። ክፍሉ ተነስቶ ተከራከረ! በመጨረሻ ጫፉን በሶስት ማዕዘን ቆርጣ ወደ ሌላኛው ጎን ያዞረችው ልጅ ሬክታንግል አድርጋ አሳየች፣ ቀመሩ የመጣው ከልጆቹ አፍ ነው። ሰሌዳው እስከ መጨረሻው አልጠፋም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ስታነቢው የክፍሉ ሀሳብ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በሙሉ ይታያል።

አሁን እስቲ ዕቃውን ቁጠሪ። ጠመኔ፣ ወረቀት፣ መቀስ። "እነሱ ሁሉ ነገር አላቸው" የምትዪው ይሄን ነው? የክፍላቸው ብዛትም ሰው እንደሚያወራው 15 ልጅ አይደለም፣ ህጉ እስከ 40 ይፈቅድ ነበር፣ አንደኛ ደረጃውን በሙሉ ደረጃ በደረጃ ወደ 35 ለማውረድ የወሰኑት ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። 70 ልጅ ከ35 ጋር አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ባንድ ፔሬድ ሁሉም ጋ መዞር አትችዪም፣ ግን በቀን ሁለት ረድፍ መርጠሽ እሱን ብቻ መመዝገብ ትችያለሽ።

ከዛ ክፍለ ጊዜ የሚበልጠው ደግሞ ከሱ በኋላ የሚመጣው ነው። ሌሰን ስተዲ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፣ ጃፓኖቹ ከመቶ ዓመት በላይ የሰሩበት ነገር ነው። የተወሰኑ መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ዕቅዱን ይዘው ዳር ዳር ቆመው መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን ያያሉ፣ ከዛ ተቀምጠው ይወያያሉ፣ ቅድሚያ የሚናገረው ያስተማረው ሰው ነው። ወሬው "እሷ ጥሩ አስተማረች" አይደለም፣ "መስኮት ጋ ያለችው ልጅ እዚህ ጋ እርሳሷን አስቀመጠች፣ ለምን?" ነው። በኛ አገር ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቼክሊስት ይሞላል፣ "ጥሩ ነው፣ በርቺ" ብሎ ይሄዳል። በዛ ስራ ውስጥ ዓመታት ስላሳለፍኩ ነው የምነግርሽ፣ ፎርሙ መምህሩን ይመዝናል እንጂ ልጁ የት ጋ እንደጠፋ አያሳይም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆን ሁሉም ሰው ፈተናውንና ኩረጃውን ነው ያወራው፣ ልጆቹ ግን የጠፉት 12ኛ ክፍል ላይ አልነበረም፣ ከብዙ ዓመት በፊት አንቺ በምታስተምሪው ክፍል አካባቢ ነው።

በዛ ላይ ጊዜ የለኝም ማለት አትችዪም። በዓመት 60 ሰዓት የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ግዴታ አለብሽ አይደል፣ ስንቱ መምህር ነው እሱን ፖርትፎሊዮ በመገልበጥ የሚጨርሰው! ሁለት የሂሳብ መምህራን ካሳመንሽ በዛው ሰዓት ሌሰን ስተዲ መጀመር ትችያለሽ፣ ከርዕሰ መምህሩ የምትፈልጊው ክፍልሽን የሚሸፍንልሽ ሰው ብቻ ነው። ይሄን ዓመት ሁለት ዓመት የሰራ ሰው ክላስተሩ (የአካባቢው ት/ቤቶች ስብስብ) ይፈልገዋል፣ የመምህራን ኮሌጁም ይፈልገዋል። እኔ ከክፍል ወደ ሱፐርቪዥን፣ ከዛም ወደ መምህራን ስልጠና የሄድኩት በዚሁ አይነት መንገድ ስለሆነ መንገዱ እንዳለ በእርግጠኝነት ልነግርሽ እችላለሁ።

አንድ ነገር ግን እንዳትኮርጂ። ኦኢሲዲ (አብዛኞቹ የበለፀጉ አገሮች ያሉበት የኢኮኖሚ ድርጅት) እ.ኤ.አ. በ2018 ባካሄደው የመምህራን ጥናት ላይ የጃፓን የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር በሳምንት 56 ሰዓት ነበር የሚሰራው፣ ከተጠኑት አገሮች አንደኛ። ከት/ቤት በኋላ ክለቡም ወረቀቱም እነሱ ላይ ነው፣ እነሱም ራሳቸው እያማረሩበት ነው።

ወደ ቤተሰብሽ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ፊት ለፊት ነው የምናገረው። ወንድምሽ "የሚመለስ ሞኝ ነው" ያለሽ የማያውቀውን አገር ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2023 ስደተኛ ብላ የተቀበለችው 303 ሰው ነው፣ ያመለከተው ከ13 ሺህ በላይ ነበር፣ ያውም 303 እስከዛ ድረስ ከተቀበለችው ሁሉ ትልቁ ቁጥር ነው። ቪዛሽ ካለቀ በኋላ ህጋዊ ስራ የለሽም፣ ቋንቋውን አትችዪም፣ ከያዙሽ ማቆያ ገብተሽ መባረር ነው። ካንቺ ቀጥሎ ሊመረጥ የነበረ መምህርም በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ደሞዝሽ እንደማይበቃ አውቃለሁ፣ የቤት ኪራይ ከፍለሽ የሚተርፈው ያስለቅሳል፣ በሱ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ግን የቤተሰቡን ችግር በሙሉ ባንቺ ፓስፖርት ላይ ጭኖ "በርቺ" ማለት ፍቅር አይደለም፣ እንደዚህ ብለሽ ንገሪያቸው። ውጭ መቆየት ከፈለግሽ የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር ሜክስት ለመምህራን የሚሰጠው የአንድ ዓመት ተኩል ስኮላርሺፕ አለ፣ ከ35 ዓመት በታች መሆንና 5 ዓመት ማስተማር ይጠይቃል፣ ሁለቱንም ታሟያለሽ። ዲግሪ አይሰጥም፣ ግን በህጋዊ መንገድ ሄደሽ ቀና ብለሽ ትመለሻለሽ። ለዘንድሮ ተከፍቶ እንደሆነ ኤምባሲው ጋ ጠይቂ።

ባንኩን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሄደሽ ተመለሺ፣ ካውንተር ስራ አያመልጥሽም።

ቋንቋ አያስጨንቅሽ፣ አስተርጓሚ ይኖራል፣ ክፍል ውስጥ ግን እሱን ከመስማት ይልቅ አንድ ልጅ መርጠሽ ደብተሩን ተከተዪ። ፆሙ ግን በቀላሉ የሚታይ አይደለም፣ ከአትክልት ብቻ የተሰራ የሚመስለው ሾርባቸው ራሱ መረቁ ብዙ ጊዜ ከደረቀ አሳ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ቀድመሽ አሳውቂ፣ ሽሮና በሶም ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ጫማሽ ክር የሌለው ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ስታወልቂ ስታደርጊ ነው የምትውዪው፣ ካልሲሽም ያልተቀደደ።

ሳትሄጂ ዛሬውኑ ለአስተባባሪዎቹ ኢሜይል ፃፊላቸው፣ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የምታዪው ክፍለ ጊዜ ዕቅድ ተተርጉሞ አስቀድሞ እንዲደርስሽ፣ እና ከትምህርቱ በኋላ ያለው ውይይት ላይ እንድትቀመጪ። ሁለተኛውን እምቢ ካሉሽ ደግመሽ ጠይቂ።