ተራራው ሊከለል ነው፤ ከብቶቼ የት ይክረሙ?

ጥያቄ፦ የደራ ወረዳ ነዋሪ ነኝ፤ ከሐሙሲት ወዲያ፣ ጉማራ አካባቢ። ወረዳው ከቤታችን በላይ ያለው ተራራ አገር በቀል ዛፉ እንዲያገግም ከንክኪ ነፃ ሊያደርገው፣ ማለትም ከብትም መጥረቢያም እንዳይገባበት ሊከልለው አቅዷል፤ ለስብሰባም ጠርቶናል። ሁለት በሬና አንድ ላም ከነጥጃዋ አለኝ። ክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። ከብቶቼ የሚወጡት ወደዚያው ተራራ ነው። ልስማማ ወይስ ልቃወም?

መልስ፦ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ሜዳው ሲጥለቀለቅ ከብትን ወደ ከፍታው ማውጣት የፎገራና የደራ ሰው የቆየ ልማድ ነው። ችግሩ ተራራውም እረፍት የሚፈልገው በዚያው ሰዓት መሆኑ ነው። ሣሩ የሚያቆጠቁጠው፣ ችግኙ ሥር የሚሰደው ሐምሌና ነሐሴ ነው። እርጥብ አፈር በኮቴ ሲረገጥ ይላላል፤ ጎርፉ ጠራርጎ ጉማራ ያስገባዋል፣ ጉማራ ደግሞ ጣና።

እኔ አይቃወሙ እላለሁ። ዝም ብለው ግን አይፈርሙ።

መጀመሪያ ተዳፋቱን ይዩ። ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ማለትም 10 ሜትር ወደፊት ሲሄዱ ከ6 ሜትር በላይ ሽቅብ ከወጣ፣ መከራከሩ ብዙም አያዋጣም። እንዲህ ያለ መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል በ2016 በሌላ አዋጅ የተተካው የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ደንግጎ ነበር። ለጥ ያለው ክፍል ላይ ግን መደራደር ይቻላል። ቁልቁለቱ ዘንድሮ ይዘጋ፣ ለጥ ያለው ግን መኖ እስኪደርስ ይቆየን ይበሉ። ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድም ካርታው ላይ ይግባ።

ከብት ባይገባም የተከለለው ተራራ ሣር እየታጨደ ለመኖ ይወሰዳል፤ ዋናው ጥያቄ ሣሩን ማን ያጭዳል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቀበሌ ይጣላል። የየቤቱ ድርሻ፣ የማጨጃው ቀን፣ የቅጣቱ መጠን በመተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ ይነበብላችሁ። በቃል የተነገረ ነገር ሊቀመንበሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ማጨጃው ሣሩ ማበብ ሲጀምር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ገለባ ነው የሚያጭዱት። ዘር የሚያፈስ ጥቂት ቦታ ግን ይተዉለት።

ስለ ዛፉም አንድ ነገር ልበል። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ችግኝ ይተከል የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ አይበሉት። ወፎች የወይራ ፍሬ በልተው ዘሩን አጋምና ክትክታ ሥር ይጥሉታል። እሾሁና ጥላው ከፍየልና ከፀሐይ ይከልሉታል። ቁጥቋጦውን ገለጥ አድርገው ቢያዩ የጣት ቁመት ያላት ወይራ ሊያገኙ ይችላሉ። አቅራቢያችሁ የቤተ ክርስቲያን ደን ካለ ደግሞ የዘር ምንጭ አላችሁ ማለት ነው። ባህር ዛፍ ፈላጊ በየጓሮው ይትከል፤ ተራራው ላይ አይምጣብን።

አሁን ወደ ከብቶቹ። የክረምቱ መኖ የሚዘጋጀው ክረምት ሳይገባ ነው። የሩዝና የዳጉሳ ገለባ አለዎት መቼም። ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፤ በዩሪያ ያክሙት። ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ በደንብ ያሟሙ። ላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ገለባውን በየንብርብሩ እየረጩ ይርገጡት። አየር እንዳያስገባ ሸፍነው 21 ቀን ያቆዩት። ሲከፍቱት አፍንጫ የሚወጋ ሽታ አለው፤ አይደንግጡ። ለነገ የሚሆነውን ዛሬ ማታ አውጥተው ያናፍሱት፤ መጀመሪያም ትንሽ ትንሽ እየሰጡ ያለማምዱ። የሻገተውን ይጣሉት።

ጥንቃቄ አለው። የዩሪያውን ውሃ ከብት ከጠጣው ይገድለዋል፤ ባልዲውን ሜዳ ላይ ጥለው እንዳይሄዱ። ስድስት ወር ላልሞላት ጥጃ አይስጡ፤ ለአህያም አይሆንም።

ከዚሁ ጋር ደሾ የሚባለውን የመኖ ሣር ያስቡ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ግንጣዩን (ከነሥሩ የተከፈለውን) እርከን ላይ ይተክሉታል። በሦስት አራት ወር ይታጨዳል፤ እርከኑንም ይይዛል። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ግን አይደርስልዎትም። ስለዚህ ወረዳው ከመከለሉ በፊት ግንጣይ ያቅርብልን የሚለውን በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ ያስይዙ።