ገበያ ያለበት ሶሻሊዝም፦ ከአንድ የታክሲ ሾፌር የተሰጠ መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ነው። አንደኛው፣ «ሙቹዋሊዝም ሶሻሊዝምም ነው፣ አናርኪዝምም ነው፣ ገበያም ይፈቅዳል ይሉኛል፤ ሦስቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?» የሚል። (ሙቹዋሊዝም በአጭሩ፣ ሠሪው የሚሠራበትን ራሱ ይዞ ያለ ጌታ በውልና በመረዳዳት እንገበያይ የሚል ሐሳብ ነው፤ አናርኪዝም ደግሞ እዚህ ላይ ሁከት ሳይሆን መንግሥትና ጌታ አያስፈልግም ማለት ነው።) ሁለተኛው፣ ከጓደኞችህ ጋር ልታቋቁሙት ያሰባችሁት የጭነት መኪና ማኅበር ከዚህ ሐሳብ የሚወስደው ነገር አለ ወይ የሚል። እኔ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ታክሲ ነድቻለሁ። መጀመሪያ በኩባንያ ሥር፣ በኋላ ደግሞ ሾፌሮቹ ራሳችን ባለቤት በሆንበት ማኅበር። ያነበብኩትንም የኖርኩትንም አንድ ላይ ልንገርህ።

በቅድሚያ የደርግን ነገር ወደ ጎን እናድርገው። እኛ ሶሻሊዝም ሲባል የሚመጣብን 1967 ዓ.ም. ነው። ባንኩና ፋብሪካው ተወረሰ፣ የካቲት ላይ የገጠሩ መሬት፣ ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤቱ ተከተለ። ከዚያ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ፣ ከዚያ የገበሬው የእህል ኮታ። ይህ ሁሉን ነገር በመንግሥት እጅ የሚያስገባ ሶሻሊዝም ነው። ሙቹዋሊስቶች ደግሞ ይህን ዓይነቱን ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው ሲቃወሙ የኖሩ ናቸው።

የሐሳቡ አባት ፒየር ዦሴፍ ፕሩዶን ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 ፈረንሳይ ውስጥ ቤዛንሶን ከተማ ተወለደ። አባቱ በርሜል ሠሪ ነበር፤ እሱም በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚና አራሚ ሆኖ አደገ። በ1840 «ንብረት ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ «ንብረት ስርቆት ነው» ብሎ መለሰ። ብዙ ሰው እዚህች ላይ ያቆማል። ፕሩዶን ግን የምትኖርበትን ቤት፣ የምትሠራበትን መሣሪያ ማንም እንዲነካብህ አይፈልግም። ሌብነት ብሎ የጠራው፣ አንተ ሳትሠራበት ሌላው ሲሠራበት ቁጭ ብለህ ኪራይና ወለድ የምትሰበስብበትን መብት ነው። የምትጠቀምበት ነገር ያንተ ነው። ትተኸው ስትሄድ ግን ሌላው ላይ ግብር የመጣል ሥልጣን አይኖርህም።

የሙቹዋሊዝምን ሐሳብ ከባዶ አላመጣውም። በ1840ዎቹ ሊዮን ከተማ በአንድ የማጓጓዣ ድርጅት ተቀጥሮ ሠርቷል። የሊዮን ሐር ሸማኔዎች ከ1828 ጀምሮ የመረዳጃ ማኅበር ነበራቸው፤ በ1831 እና በ1834 ዐምፀው ብዙ ደም ፈሷል። ሸማኔዎቹ በየቤታቸው የራሳቸው የሽመና መሣሪያ ነበራቸው። ዋጋ የሚቆርጥላቸው ግን የሐር ነጋዴው ነበር። (ፕሩዶንን ሳደንቅ አንድ ነገር መዝለል አልችልም፦ ስለ ሴቶችና ስለ አይሁድ የጻፈው አስነዋሪ ነው። ሐሳቡን የሚወስድ ሰው ይህን አውቆ ይውሰድ።)

አሁን ወደ ታክሲው። ኩባንያ ሥር ስነዳ በየሳምንቱ ሊዝ፣ ማለትም ለኩባንያው ኪራይ፣ እከፍል ነበር። ብታመምም፣ ሥራ ባይኖርም ሊዙ አይቀርም። ነዳጁን የምሞላው እኔ፣ ሌሊት ኤርፖርት የምሰለፈው እኔ። ታዲያ ኩባንያው ምን ነበረው? ከሁሉም በላይ ፈቃዱ ነበረው። ኮሎራዶ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አዲስ የታክሲ ድርጅት መክፈት የፈለገ ሰው ሕዝቡ ተጨማሪ ታክሲ እንደሚያስፈልገው ለስቴቱ ተቆጣጣሪ ማስረዳት ነበረበት። ነባሮቹ ድርጅቶችም ቀርበው መቃወም ይችሉ ነበር። ስለዚህ ሾፌሩ ሊዙ ቢመረውም ሄዶ የራሱን መክፈት አይችልም። ፈቃዱ በንግድ መንገድ ላይ እንደቆመ ኬላ ነው፤ ዕቃውም አህያውም ያንተ ሆኖ ኬላው ካላሳለፈህ አታልፍም።

ቤንጃሚን ተከር የሚባል አሜሪካዊ ከ1881 እስከ 1908 «ሊበርቲ» የተባለ ጋዜጣ ያሳትም ነበር። እንደ እሱ አባባል ሠራተኛውን የሚበዘብዙት በመንግሥት ክንድ የቆሙ አራት ሞኖፖሎች ናቸው፤ የገንዘብ፣ የመሬት፣ የጉምሩክ ቀረጥና የፓተንት (የፈጠራ ባለመብትነት)። እነዚህ ይፍረሱ፣ ውድድር እስከ ታች ይግባ፣ ያኔ ትርፍና ወለድ ወርደው የተሠራውን ሥራ ዋጋ ያህል ብቻ ይሆናሉ ይላል። ስለ ታክሲ ፈቃድ አልጻፈም። እኔ ግን ሳነበው ሊዜን ነበር የማስበው።

ኮሎራዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ሕጉ ላላ። በ2009 ዩኒየን ታክሲ የሚባል የሾፌሮች ኅብረት ሥራ ፈቃድ አግኝቶ ጀመረ፤ ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ነበሩ። ሌሎች የሾፌር ማኅበራትም ተከተሉ፤ እኔም ከእነሱ ወደ አንዱ ገባሁ። የምከፍለው መዋጮ ለኢንሹራንስ፣ ለዲስፓች (የደንበኛ ጥሪ ተቀብሎ ለሾፌር ለሚያከፋፍለው ክፍል) እና ለቢሮ ወጪ ብቻ ሆነ። የተረፈው እኔ ዘንድ ቀረ። ገበያው ግን የትም አልሄደም። ከሌሎች ታክሲዎች ጋር እንወዳደራለን፣ ደንበኛ እንሻማለን። ሦስቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ የገባኝ እዚያ ነው። የሥራው ፍሬ ለሠሪው ስለሚቀር ሶሻሊዝም ነው። የሚገናኙት ነጻ ሰዎች ስለሆኑ ገበያ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያዝ ጌታ ሳይኖር በውልና በስምምነት ስለሚተዳደር ደግሞ ወደ አናርኪዝም ያዘነብላል። እርግጥ የእኛ ማኅበር ከመንግሥት ፈቃድ ይዞ፣ ግብር እየከፈለ ነበር የሚሠራው፤ አናርኪስት ነን ያለ አባልም አልነበረም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዳንድ አባላት መንዳት አቆሙ። አንዱ ሬስቶራንት ከፈተ፣ ሌላው ወደ ሌላ ስቴት ሄደ። ድርሻቸውን ግን አልለቀቁም። አዲስ ለመጣ ልጅ በሳምንት ሒሳብ ያከራዩት ጀመር። ያ ልጅ የሚከፍለው እኛ ከኩባንያው ያመለጥነውን ሊዝ ነው፤ የሚቀበለው ሰው ብቻ ተቀየረ። ስብሰባው ተጋጋለ። አንዱ «ገንዘቤን አውጥቼ የገዛሁት ድርሻ ነው፣ ማን ይከለክለኛል?» ይላል። ሌላው «ማኅበሩ የሚነዱ ሰዎች ነው» ይላል። የፕሩዶን የ1840ው ክርክር ዴንቨር አዳራሽ ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሲካሄድ ሰማሁት። በመጨረሻ ደንቡ ተሻሻለ። መንዳት ያቆመ ሰው ያስገባውን ገንዘብ ወስዶ ይወጣል፤ ድርሻው ለሚነዳ ሰው ይሄዳል። ያኮረፉ ነበሩ። እኔ ግን ማኅበሩን ያተረፈው ይህ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ነገር ብድር ነው። ለማኅበሩ መግቢያና ለመኪናው ገንዘብ ያገኘሁት ከእቁብ ነው። ባንክ በዚያን ጊዜ ለእኔ ዓይነት ሰው የሚያበድረው በከባድ ወለድ ነበር። እቁቡ ዋስ ጠየቀኝ እንጂ ወለድ አልጠየቀኝም። ፕሩዶን ግን ከዚህም ርቆ ሄዷል። እቁብ ያለውን ገንዘብ ያዞራል፤ እሱ ያሰበው አባላት በሥራቸውና በምርታቸው ዋስትና እርስ በርስ ብድር የሚፈጥሩበት ባንክ ነው። ጥር 1849 «የሕዝብ ባንክ»ን አቋቋመ። ወለዱ በ2 በመቶ ጀምሮ እያደር ወደ ሩብ በመቶ እንዲወርድ ታቅዶ ነበር። መጋቢት ላይ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሉዊ ናፖሊዮንን በጽሑፍ ነቅፈሃል ተብሎ የ3 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ባንኩም ሥራ ሳይጀምር ተዘጋ። ተመሳሳይ ነገር በተግባር ማየት ከፈለግህ የስዊዘርላንዱን ቪር (WIR) የተባለ ባንክ ተመልከት። በ1934 ተቋቁሞ ትንንሽ ነጋዴዎች በራሳቸው የሒሳብ ገንዘብ እየተገበያዩበት እስከ ዛሬ አለ። አናርኪስት ድርጅት አይደለም፣ የብድሩ አሠራር ግን ቅርብ ነው።

ትችቱን ሳልነግርህ ብቀር እበድልሃለሁ። ማርክስ በ1847 ፕሩዶንን ክፉኛ ተችቶታል። በአጭሩ፣ ገበያና ውድድር እስካለ ድረስ ትልቁ ትንሹን መዋጡ አይቀርም ባይ ነው። በስልክ አፕ መኪና የሚጠራበት ኡበር ሲመጣ ይህን በዓይናችን አየን። እኛ ከመዋጮ ውጪ ገንዘብ የለንም፤ እነሱ ግን ዓመት እስከ ዓመት እየከሰሩ ዋጋ ዝቅ አድርገው መቆየት የሚችሉበት ካፒታል ነበራቸው። ሙቹዋሊስት «ያ ካፒታል ራሱ የገንዘብ ሞኖፖሉ ልጅ ነው» ይልሃል። ሊሆን ይችላል። ለቤት ኪራይ የጎደለበት ሾፌር ግን ሞኖፖሉ እስኪፈርስ አይጠብቅም። ስለዚህ የሾፌር ማኅበር ብቻውን አይበቃም። የብድር ማኅበሩ፣ ጋራዡ፣ ኢንሹራንሱ አብረው በአባላት እጅ መግባት አለባቸው ብዬ አስባለሁ።

ለጭነት መኪና ማኅበራችሁ እንግዲህ፣ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን ጻፉ። መንዳት ያቆመ አባል በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚወጣና ምን ያህል እንደሚመለስለት በግልጽ ይቀመጥ። ያስገባውን ያህል ብቻ ይሁን፤ ድርሻው በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲስ ልጅ መግባት አይችልም። ቢሮ ውስጥ ሎድ (የሚጫን ዕቃ) የምታፈላልግላችሁን ሠራተኛም አትርሱ። እሷም ትሠራለች፤ ድርሻ ይኑራት ወይስ ደመወዝ ብቻ የሚለውን እሷ ባለችበት ተነጋገሩበት። ረቂቁን ስትጨርሱ ላክልኝና አብረን እናየዋለን።