ክንፉ ላይ አባጨጓሬውን ላያችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣት ተመልካቾች፣

ቢራቢሮን ጊዜ ሰጥቶ የሚመለከት ሰው ውሎ አድሮ የሚደርስበት ነገር አለ፦ አንዳንዱ ክንፍ የገዛ አባጨጓሬውን ይመስላል። በክንፉ ጠርዝ የተደረደሩት ነጥቦች በአባጨጓሬው ጎን ከተደረደሩት ጋር ይሄዳሉ፤ ጥቁሩ ሰንበር፣ ብርቱካናማው ነጥብ፣ ቢጫው መደብ እዚያም እዚህም ይገኛል። ይህን ያስተዋላችሁ ዓይናችሁ ጥሩ ነው። ደብዳቤውን የምጽፍላችሁ ከማስተዋል ቀጥሎ ስላለው ሥራ ነው፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚያ ነውና። ሁለት ነገሮች ስለተመሳሰሉ ብቻ አንዱ ሌላውን እንዲመስል ሆኖ ተቀርጿል ማለት አይቻልም። መመሳሰሉ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ፣ ሐሳባችሁ ስህተት ከሆነም ሊያጋልጣችሁ የሚችል ፈተና ያስፈልጋል።

ከማውቃቸው ሁሉ ጥርት ያለው ምሳሌ አብራክሳስ ግሮሱላሪያታ የተባለው የእሳት እራት ነው። ክንፉ ነጭ ሆኖ በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ ነው፤ በነጠብጣቦቹ መካከል ቢጫ መስመር ያልፋል። አባጨጓሬውም ነጣ ያለ፣ ጀርባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ መስመር ያለው ነው። በመካከል ያለው ሙሽሬ (አባጨጓሬው ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ) እንኳ ጥቁር ሆኖ ቢጫ ቀለበት አለው። ሦስቱ ደረጃዎች ከአንድ የቀለም ሣጥን የተቀዱ ይመስላሉ፤ ነፍሳቱም ለብዙ ወፎች የማይጥም ነው። ይህን ያየ ሰው «መርዙ አንድ ስለሆነ ማስጠንቀቂያውም አንድ ሆነ» ቢል አይፈረድበትም።

ግን ቲሪያ ጃኮቤዬ የተባለውን ሌላ የእሳት እራት ከጎኑ አስቀምጡት። አባጨጓሬው ቢጫና ጥቁር ቀለበት ነው፤ ክንፉ ደግሞ ጥቁርና ቀይ። ከሚበላው ተክል የሚወስደውን አልካሎይድ የተባለ መርዝ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ይዞት ይዘልቃል። ሁለቱም ደረጃዎች መርዛም ናቸው፣ ሁለቱም በደማቅ ቀለም ያስጠነቅቃሉ፣ ግን አይመሳሰሉም። ሞናርክ የሚባለው ቢራቢሮም እንዲሁ ነው፦ አባጨጓሬው ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ሰንበር በሰንበር ሲሆን ክንፉ ብርቱካናማ መደብ ላይ ጥቁር ጅማት ያለው ነው። በክንፉ ጥቁር ጠርዝ ላይ ያሉትን ነጫጭ ነጥቦች ብቻ ነጥሎ የሚያይ ሰው ግን እዚህም መመሳሰል አገኘሁ ሊል ይችላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የአባጨጓሬ ደማቅ ቀለም ጥያቄ ሆኖ ከቆየ ዘመናት ተቆጥረዋል። ቻርልስ ዳርዊን የብዙ እንስሳትን ውበት በተቃራኒ ጾታ ከመመረጥ ጋር ያያይዘው ነበር፤ አባጨጓሬ ግን ስለማይራባ ማብራሪያው አይሠራለትም። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1867 ለተፈጥሮ ተመራማሪው ለአልፍሬድ ራስል ዋላስ ጻፈለት። የዋላስ መልስ፦ አባጨጓሬ ቆዳው ስስ ስለሆነ አንድ ጊዜ በመንቁር ከተወጋ ወፏ ብትተፋው እንኳ አይተርፍም፤ ስለዚህ የማይጥም መሆኑን ሳይነካ በፊት ማሳወቅ አለበት የሚል ነበር። ጄነር ዊር ለወፎች የተለያዩ አባጨጓሬዎችን እየሰጠ የሞከረው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1869 ታትሞ ይህንኑ ደገፈ። ለእናንተ የሚጠቅመው ቁም ነገር ዋላስ የሰጠው ሐሳብ ወፍ ፊት ቀርቦ ሊወድቅ የሚችል መሆኑ ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚዘለለውን ነገር ልንገራችሁ። የቢራቢሮ ክንፍ በጅማቶች የተከፋፈለ ነው። ተመራማሪዎቹ ሽቫንቪች እ.ኤ.አ. በ1924፣ ዙፈርት በ1927፣ በየፊናቸው እንዳሳዩት የብዙ ቢራቢሮዎች ንድፍ ከአንድ መሠረታዊ ዕቅድ የሚወጣ ነው፤ በዚህ ዕቅድ በሁለት ጅማቶች መካከል ባለው በእያንዳንዱ ክፍል ተመሳሳይ ምልክት ይደገማል። በጠርዙ አካባቢ የዓይን ምልክቶችና የጨረቃ ቅርጾች በረድፍ የሚታዩት ለዚህ ነው። አባጨጓሬም በበኩሉ በአንጓ የተሠራ ነው፦ ከጭንቅላቱ ቀጥሎ 3 የደረት አንጓዎች፣ ከዚያ 10 የሆድ አንጓዎች። በአንዱ አንጓ ላይ ያለ ነጥብ በሚቀጥለውም ላይ ይመጣል። እንግዲህ ሁለቱም አካላት ምልክታቸውን የሚደግሙ ከሆነ፣ በሁለቱም ላይ የነጥብ ረድፍ ለመገኘት አንዱ ከሌላው መቅዳት አያስፈልገውም። ረድፍ በመኖሩ ብቻ አትገረሙ። ሊያስገርም የሚገባው ከረድፍ ያለፈው ዝርዝር ነው፦ ብርቱካናማው ነጥብ በሁለቱም ላይ በጥቁሩ ሰንበር ውስጥ ተቀምጦ እንደሆነ፣ የቀለሞቹ ቅደም ተከተልና የስፋታቸው መጠን እንደሚገጥም፣ ረድፉ በመጠኑ ከእውነተኛው አባጨጓሬ ርዝመት ጋር እንደሚቀራረብ።

ቀለሙንም በዓይን ብቻ አትመኑ። የክንፍ ቀለም የሚመጣው ከቅርፊቶች ነው፤ እያንዳንዱ ቅርፊት ከአንድ ሴል የሚወጣ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ የማይርቅና ብዙውን ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ የሚይዝ ነው። አባጨጓሬ ግን እንዲህ ያለ የቅርፊት ንጣፍ የለውም፤ ቀለሙ በቆዳው ሴሎችና በላያቸው ባለው ሽፋን ውስጥ ነው። ፓፒሊዮ በተባለው የቢራቢሮ ወገን የአባጨጓሬው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ቀለም ሰጪና ከቅጠል የተገኘ ቢጫ ካሮቲኖይድ ተደራርበው የሚሰጡት ነው፤ የክንፉ ቢጫ ግን ነፍሳቱ ራሱ የሚሠራው ፓፒሊዮክሮም የተባለ ቀለም ሰጪ ነው። በእኔ አመለካከት ይህ ልዩነት ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። ክንፍና አባጨጓሬ አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ከተጠቀሙ መመሳሰሉ በእጅ ያለውን ከመጠቀም የመጣ ሊሆን ይችላል። በተለያየ ንጥረ ነገር ተመሳሳይ መልክ ላይ ከደረሱ ግን ከውጭ የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የአዳኝ ዓይን፣ ወደዚያ ገፍቷቸው እንደሆነ መጠርጠር ያስኬዳል።

የክንፉ ጅምር በአባጨጓሬው ሰውነት ውስጥ የሚያድግ ቢሆንም፣ ንድፉ ከአባጨጓሬው ቆዳ ተገልብጦ የሚመጣ አይደለም። ተመራማሪው ኒጃውት እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ሥራ በሙሽሬው ገና ለጋ ክንፍ ላይ የዓይን ምልክቱ መሐል የሚሆነውን ትንሽ ቦታ ሲያቃጥል ምልክቱ ሳይወጣ ቀረ፤ ያንኑ ቦታ ወደ ሌላ የክንፉ ክፍል ሲያዛውር እዚያ አዲስ ምልክት ወጣ። ንድፉ የሚወሰነው እዚያው ክንፉ ላይ ባሉ ሴሎች ንግግር ነው ማለት ነው። የአባጨጓሬው መልክ ደግሞ ሌላ አዛዥ አለው። የአባጨጓሬ ዕድሜ በቆዳ ቅየራ በደረጃዎች ይከፈላል፤ የፓፒሊዮ ዙተስ አባጨጓሬ እስከ 4ኛው ደረጃ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ በ5ኛው አረንጓዴ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ለውጥ የሚወስነው በ4ኛው ደረጃ መጀመሪያ የጁቬናይል ሆርሞን መቀነስ መሆኑን አሳይቷል፤ ሆርሞኑ በጊዜው ሲጨመርበት 5ኛውም ደረጃ የወፍ ኩስ መስሎ ይቀራል።

ይህን የነገርኳችሁ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ስለሚያስነሳ ነው። «አባጨጓሬው» ስትሉ የትኛውን ማለታችሁ ነው? ብዙ ዝርያዎች 5 የአባጨጓሬ ደረጃ አላቸው። ክንፍ የፊትና የኋላ አለው፤ እያንዳንዱም የላይና የታች ገጽ አለው። ወንድና ሴትም ይለያያሉ። 5 በ4 በ2 ስታባዙ ለአንድ ዝርያ 40 ማነጻጸሪያ ታገኛላችሁ። ከ40ው እጅግ የሚመሳሰለውን መርጣችሁ ብታሳዩ ማንኛውም ዝርያ ማለት ይቻላል «ይመሳሰላል»። ስለዚህ ፎቶዎቹን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት፦ የመጨረሻው ደረጃ አባጨጓሬ፣ ነፍሳቱ ሲያርፍ የሚታየው የክንፍ ገጽ፣ ሴቷ። ከዚያ ወዲያ አትለውጡት። የሚታየውን ገጽ ስትወስኑ በመርፌ ተወጥሮ የደረቀውን ናሙና አትመኑ። ናሙና ሲዘረጋ የፊት ክንፉ የኋላ ጠርዝ ከሰውነቱ ጋር በ90 ዲግሪ ማዕዘን እንዲቆም ይደረጋል፤ በሕይወት ያለ ቢራቢሮ እንዲያ አያርፍም፤ የፊቱ ክንፍ የኋላውን ብዙ ክፍል ይሸፍነዋል። በናሙናው ላይ ያያችሁት ረድፍ ወፍ ፈጽሞ የማታየው ሊሆን ይችላል።

አባጨጓሬና ቢራቢሮን ማጣመር የሚቻለው በማሳደግ ነው። እንቁላል ስትጥል ያያችኋትን ሴት እንቁላሎች ከተጣሉበት ቅጠል ጋር ውሰዱ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የተክሉን ዝርያ በዕለቱ ጻፉ። ቅጠሉን በየቀኑ ቀይሩ፣ ኩሱን ጥረጉ፤ ኩስና እርጥበት ተጠራቅመው ሻጋታ ሲያወጡ አባጨጓሬዎቹ አብረው ያልቃሉ። የተክሉን ዝርያ መሐል ላይ አትቀይሩ፤ አንዳንዱ አዲሱን ከመብላት መራብን ይመርጣል። ከሜዳ ትልቅ ሆኖ የተለቀመ አባጨጓሬ ብዙ ጊዜ ጥገኛ ተርብ በውስጡ አለ፤ ከሙሽሬው ቢራቢሮ ሳይሆን ተርብ ይወጣል። በእያንዳንዱ የቆዳ ቅየራ ማግስት ፎቶ አንሱ። ሙሽሬ ለመሆን መብላት አቁሞ መንከራተት ሲጀምር ቀለሙ ስለሚለወጥ የዚያን ሰዓት ፎቶ ለማነጻጸሪያ አትጠቀሙበት። ሙሽሬው የተንጠለጠለበት ቦታ ከሥሩ ቢያንስ የአንድ ክንፍ ሁለት እጥፍ ክፍት ይኑረው፤ ክንፉ ሲዘረጋ ግድግዳ ከነካ ተጣጥፎ ይደርቃል። ከወጣ በኋላ ጥቂት ሰዓት ጠብቁት።

አባጨጓሬን አልኮል ውስጥ ከከተታችሁ በኋላ ስለ ቀለሙ መናገር አትችሉም፤ አረንጓዴው ቶሎ ይጠፋል። ለቅርፁ ካስፈለጋችሁ ሊፈላ በተቃረበ ውኃ ገደሉትና ከ70 እስከ 80 በመቶ አልኮል ውስጥ አኑሩት፤ በቀጥታ አልኮል ውስጥ የገባ ይጠቁራል። ፎቶው ግን በሕይወት ሳለ፣ በተበተነ ብርሃን፣ ለቀለም ማመሳከሪያ ከሚሆን ግራጫ ካርድና ከሚሊ ሜትር ማስመሪያ ጋር ይነሳ። ካሜራው ቀለሙን በራሱ እንዲያስተካክል አትፍቀዱለት። ብዙ ወፎች የሰው ዓይን የማያየውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ያያሉ፤ ተራ ካሜራ ግን ይህን ብርሃን ያግደዋል። ይህን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ከሌላችሁ ስለ ቅርፅና ስለ ጥቁረት ብቻ ተናገሩ፤ «ለወፏ አንድ ቀለም ነው» አትበሉ።

ከዚያ የማዛመድ ፈተናውን አድርጉ። ከተለያየ ወገን 15 ዝርያ ምረጡ፤ 15 የአባጨጓሬና 15 የክንፍ ፎቶ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ቆርጣችሁ አስወግዳችሁ በእኩል መጠን አትሙ። ቅጠል ከቀረበት ፍንጭ ይሆናል። ቢራቢሮ ለማያውቅ ሰው ስጡና አንዱን ለአንዱ ያጣምር። በዘፈቀደ ቢያጣምር በአማካይ የሚገጥምለት 1 ብቻ ነው፤ ዝርያው 15 ቢሆን 50 ቢሆን ይኸው ነው። በዕድል ብቻ 4 ወይም ከዚያ በላይ የሚገጥመው ከ100 ጊዜ 2 ያህሉን ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ደማቆቹንና ከቅጠል ጋር የሚመሳሰሉትን ከቀላቀላችሁ፣ ሰውየው ደማቁን ከደማቅ እያጣመረ ብቻ ነጥብ ይሰበስባል። ያ የሚነግራችሁ መርዛም ነፍሳት በሁለቱም ደረጃ እንደሚደምቁ ነው፤ ይህን ከዋላስ ዘመን ጀምሮ እናውቀዋለን። ስለዚህ 15ቱም የማስጠንቀቂያ ቀለም ያላቸው ይሁኑ። የቅርብ ዘመዶችንም አታብዙ፤ 5 እህትማማች ዝርያዎች መልካቸውን ከአንድ አያት ከወረሱ እንደ 5 ማስረጃ አይቆጠሩም።

ከዚህ በኋላ የምትፈርደው ወፏ ናት። ሦስት ዓይነት የወረቀት ክንፍ ሥሩ፦ እውነተኛው ንድፍ ያለበት፣ የቀለሞቹ ስፋት ሳይለወጥ ንድፉ የተበታተነበት፣ ንድፍ የሌለው ግራጫ። ወረቀቱ ማንጫ ኬሚካል የሌለበት ይሁን፤ ያለበት ለአልትራቫዮሌት በራሱ ያበራል። በመካከሉ ከሚበላ ሊጥ የተሠራ ገላ ለጥፉ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ 50 አድርጋችሁ በዘፈቀደ ቅደም ተከተል፣ 20 ሜትር ያህል እያራራቃችሁ በዛፎች ላይ አኑሩ፤ ከ24 እና ከ48 ሰዓት በኋላ እዩ። ሁለት ዙር ያስፈልጋል፦ አንዱ አባጨጓሬዎቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ ሌላው ወፎቹ አባጨጓሬዎቹን ቀምሰው ከተማሩ በኋላ። ወፎች ክንፉን የሚሸሹት ከአባጨጓሬው በተማሩት ከሆነ፣ በእውነተኛውና በተበታተነው ንድፍ መካከል ያለው ልዩነት በሁለተኛው ዙር መስፋት አለበት። በሁለቱም ዙር እኩል ከሆነ ወፎቹ የሚሸሹት ንድፉን ወይም ቀለሙን ራሱን ነው፣ አባጨጓሬው የለበትም። ስትቆጥሩ የመንቁር ምት ሹል ወይም የ«ቪ» ቅርፅ ያለው መሆኑን ልብ በሉ፤ ጉንዳን ከዳር ከዳር ሸርሽሮ የጨረሰውን ሊጥና ጥንድ የጥርስ መስመር የቀረበትን ለየብቻ መዝግቡ እንጂ ከወፍ ጥቃት ጋር አትደምሩ።