ብዙ ዓመት ከሠራሽበት ቤት ስትወጪ ማን ይመስክርልሽ?

ጥያቄሽ እንዲህ ነው የገባኝ። 12 ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ሠርተሻል። ሌላ ቦታ ኢንተርቪው አልፈሽ ሦስት ሬፈረንስ፣ ማለትም ስለ ሥራሽ የሚመሰክሩ ሰዎች፣ አምጪ ተብለሻል፣ ከሦስቱ አንዱ የአሁኑ አለቃሽ ይሁን ብለዋል። አለቃሽ ግን ሥራ እየፈለግሽ መሆኑን አያውቅም። "ስሙን ልስጥ ወይስ ይቅርብኝ?" ነው ያልሽው።

አሁን አትስጪ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ እኔም ብዙ ዓመት ከቆየሁበት ቤት ወጥቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቅጥር ላይ ስሠራ ለሬፈረንስ ሰዎች ስልክ የምደውለው እኔ ነበርኩ። ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ሰው የሚያደባልቃቸውን ነገሮች እንለያቸው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሬፈረንስ አይደለም። እሱ የሰው ሀብት ክፍል የሚሰጥሽ ወረቀት ነው፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ፣ አንዳንዴም በስንት ደመወዝ እንደሠራሽ ይናገራል። ጎበዝ ነሽ ሰነፍ ነሽ አይልም። "ለሚመለከተው ሁሉ" ተብሎ የሚጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ ሌላ ነው። ጥሩ ጥሩ ቃል ሞልቶበታል፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብዙም ትኩረት አልሰጠውም ነበር። ባለቤቷ ራሷ ይዛው በምትዞረው ደብዳቤ ላይ ክፉ የሚጽፍ ማን አለ? ሬፈረንስ ማለት ስልክ አንስቶ ስለ ሥራሽ የሚናገር ሰው ነው። አዲሱ ቀጣሪ የጠየቀሽ ይሄኛውን ነው።

አንዳንድ ትላልቅ ድርጅቶች ለጠየቃቸው ሁሉ የሥራ መደብሽንና የቆየሽበትን ጊዜ ብቻ ነው የሚያረጋግጡት፣ ሠራተኞቻቸው በድርጅቱ ስም ከዚያ በላይ እንዲናገሩም አይፈቅዱም። ያንቺም ቤት እንደዚያ ከሆነ አትደንግጪ። ቀጣሪዎች ይህን አሠራር ያውቁታል፣ እንደ መጥፎ ምልክት አያዩትም።

አሁን ወደ አለቃሽ። የአሁን አለቃ የሚደወልለት መጨረሻ ላይ ነው። አንቺ ገና ያልተፈረመ ነገር ይዘሽ ስሙን ብትሰጪ፣ እነሱ ነገ ጠዋት ደውለው "ሠራተኛዎ እኛ ጋ አመልክታለች" ቢሉትና ሥራው በሆነ ምክንያት ባይሳካ፣ አንቺ ወደ ወንበርሽ ትመለሻለሽ፣ እሱ ግን ከዚያ በኋላ የሚያይሽ "ልትሄድ የተነሳች" አድርጎ ነው። እድገት ሲመጣ፣ ሥልጠና ሲመጣ፣ ትልቅ ሥራ ሲመጣ ስምሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ብዙ አለቃ እንደዚያ ያስባል።

ስለዚህ ለቀጣሪው በቀጥታ ንገሪው። "አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት ሥራ እየፈለግሁ መሆኔን አያውቅም። ሌሎች ሬፈረንሶች ዛሬውኑ እሰጣችኋለሁ። የአሁኑን አለቃዬን ደግሞ የጽሑፍ የቅጥር ጥሪ (ኦፈር) ከሰጣችሁኝ በኋላ ማነጋገር ትችላላችሁ።" በቃ። ይቅርታ አትጠይቂ፣ ማብራሪያም አታብዢ። እኔ በነበርኩበት ወንበር ይህን የሚል አመልካች በጣም የተለመደ ነው፣ አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። እንዲያውም "ዛሬ ደውሉለት፣ ችግር የለም" የሚለው ነበር የሚያስገርመኝ። ይህን መስማት የማይፈልግ ቀጣሪ ካጋጠመሽ፣ ነገ እዚያ ስትሠሪ እንዴት እንደሚይዝሽ ከወዲሁ እየነገረሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ኦፈሩ ላይ "ሬፈረንስ ሲረጋገጥ የሚጸና" የሚል ዓይነት ነገር ከተጻፈበት ገና አላለቀም ማለት ነው። መልቀቂያሽን አታስገቢ። መጀመሪያ ሌሎቹን ይደውሉ፣ ከዚያ አንቺ ለአለቃሽ በአፍሽ ትነግሪዋለሽ፣ እነሱ በማግስቱ ይደውሉለታል፣ "ሁሉም ተጠናቋል" የሚል ጽሑፍ ሲደርስሽ ያኔ መልቀቂያው ይገባል። አለቃሽ ከስልኩ በፊት ካንቺ አፍ መስማት አለበት። ሌላ ሰው ነግሮት ከሰማ፣ ስለ ሥራሽ ሳይሆን ስለ ቅሬታው ነው የሚያወራው።

ሌሎቹ ሁለቱ ማን ይሁኑ? ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ የሠራ ሰው ትልቁ ጭንቀት ይሄ ነው። የሚያውቀኝ ሁሉ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ ለማን ብናገር ወሬው ይደርሳል ብለሽ ትፈሪያለሽ። ልክ ነሽ፣ ይደርሳል። ግን 12 ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት ስንት ሰው ወጣ? የድሮ አለቃሽ ወዴት ሄደ? ያን ከባድ ፕሮጀክት አብራችሁ የጨረሳችሁት የሌላ ክፍል ኃላፊስ? ጡረታ የወጣችው ሥራ አስኪያጅስ? ምርጥ ሬፈረንሶችሽ ካንቺ ቀድመው የወጡት ናቸው። ሥራሽን አይተውታል፣ ስለ መሄድሽ የሚያኮርፉበት ምክንያት የላቸውም፣ የመሥሪያ ቤቱ ደንብም አፋቸውን አይዘጋም። ራሳቸው ለቅቀው ስለወጡም አንቺ ያለሽበትን ጭንቀት ያውቁታል። እኔም ስደውል ነጻ ሆነው የሚያወሩኝ እነሱ ነበሩ። አሁንም እዚያው ያለ ሰው ግን፣ ቢወድሽም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በር ዘግቶ፣ ግማሽ ግማሹን ነው የሚነግረኝ።

የድሮ አለቃ አሁን ያለበት ሥልጣን አያስጨንቅሽ። ትልቅ ስም ያለው ግን ስለ ሥራሽ ሁለት ዓረፍተ ነገር የማይሞላ ዋና ሥራ አስኪያጅ ከምታመጪ፣ ስድስት ወር አንድ ክፍል አብራሽ ያመሸች የቅርብ ኃላፊ ይሻልሻል። የቅጥር ሰው የሚፈልገው ዝርዝር ነው።

ከተለያየ ዘመን ምረጪ። አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሁን፣ ሌላው ከቅርብ ጊዜ። ብዙ ዓመት አንድ ቦታ የቆየ ሰው ላይ ቀጣሪ የሚጠረጥረው አንድ ነገር አለ፣ "የዚያን ቤት አሠራር ብቻ ነው የምታውቀው፣ አዲስ ነገር አትለምድም" የሚል። በአፉ አይነግርሽም እንጂ ያስበዋል። ይህን ጥርጣሬ አንቺ ኢንተርቪው ላይ ብትክጂው ዋጋ የለውም። "ሥርዓቱ ሲቀየር መጀመሪያ የለመደችው እሷ ነበረች፣ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት" የሚል ሰው ስልክ ላይ ሲገኝ ግን ነገሩ ያበቃል። ኃላፊነት ያለበት ቦታ ከሆነ የምትሄጂበት፣ ካንቺ ሥር ሆኖ የሠራ ሰውም አስቢ። ሰው ይህን ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። ደንበኛ ወይም አቅራቢም ይሆናል፣ ያንን ግን ከመሥሪያ ቤትሽ ጋር አሁንም ኮንትራት ካላቸው ተዪው፣ ነገር ያመጣል።

ስትጠይቂያቸው "ሬፈረንስ ትሆነኛለህ?" ብለሽ አትጠይቂ። ማንም ፊት ለፊት እምቢ አይልሽም። "ለዚህ ዓይነት ሥራ አመልክቼ ነበር፣ ስለ ሥራዬ በደንብ የምታስታውሰውና ደስ ብሎህ የምትናገረው ነገር ያለ ይመስልሃል?" ብለሽ ጠይቂው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። ወዲያው "እንዴ! ያን ጊዜ እኮ..." ብሎ ታሪክ ከጀመረ ሰውሽን አግኝተሻል። "እ... ይቻላል፣ ችግር የለውም" ካለ አመስግነሽ ወደ ሌላ ሰው ሂጂ።

እሺ ላለሽ ሰው የሥራ ማስታወቂያውን፣ ሲቪሽን፣ ከሥራሽ ደግሞ ሁለት ሦስት የምታስታውሺውን ነገር ከነቁጥሩ ላኪለት። እንዲያነብበው ሳይሆን እንዲያስታውሰው። ሰው ይረሳል። ከስምንት ዓመት በፊት የሠራሽውን ሥራ አንቺ እንጂ እሱ ልቡ ላይ ይዞት አይዞርም። የምትፈልጊውን ቃል ግን አታስጠኚው፣ ያስታውቃል። ሦስት ሰው ደውዬ ሦስቱም "ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምትችል" በሚለው ቅደም ተከተል የነገሩኝ ጊዜ አለ። ሳቄን ነው የያዝኩት።

ስልኩ ላይ ምን እንደሚጠየቅ ብታውቂ ይጠቅምሻል። በምን ትተዋወቃላችሁ፣ ለምን ያህል ጊዜ አብራችሁ ሠራችሁ፣ ዋና ሥራዋ ምን ነበር፣ በምን ትጎብዛለች፣ ምን ብታሻሽል ጥሩ ነው፣ ለምን ለቀቀች። እና መጨረሻ ላይ፦ ዕድሉ ቢኖርህ መልሰህ ትቀጥራታለህ? እኔ ከሁሉም በላይ የማዳምጠው ይህችን ነበር። "በደስታ" የሚለው ሰውዬ እና ትንሽ አሰብ አድርጎ "አዎ፣ ለምን አልቀጥራትም" የሚለው አንድ አይደሉም። "ምን ብታሻሽል" ለሚለው ደግሞ ሬፈረንስሽ "ምንም የላትም" እንዳይል ንገሪው። እንከን የሌላት ሴት ስትመጣብኝ ሌላ ሰው ፈልጌ እደውል ነበር። "ሥራ ስታካፍል ትቸገራለች፣ ሁሉን ራሷ መጨረስ ትፈልጋለች፣ አሁን ግን እየተሻላት ነው" ብሎ እውነተኛ ነገር ቢናገር የተቀረው ምስክርነቱ ሁሉ ይታመናል።

ጓደኛሽን አለቃ አስመስለሽ እንዳታቀርቢ። ይሄን የምልሽ ስንቱ ሲሞክረው ስላየሁ ነው። ደዋዩ የሰጠሽውን የሞባይል ቁጥር ትቶ በመሥሪያ ቤቱ መደበኛ ስልክ ሊደውል ይችላል። ወይ ደግሞ "መቼ ነው የተቀጠረችው? ከሷ በፊት ቦታው ላይ ማን ነበር?" ሲል ውሸቱ እዚያው ያልቃል። ከተቀጠርሽ በኋላ ቢታወቅም ሊያስባርርሽ ይችላል።

አለቃሽ ጋር የማትስማሙ ከሆናችሁ ደግሞ (ጥያቄሽ ላይ አላልሽም፣ ግን ብዙ ሰው በዚህ ይጨነቃል) ቀጣሪው ከመደወሉ በፊት በአጭሩ ንገሪው። "ከአሁኑ ኃላፊዬ ጋር በአሠራር ላይ ልዩነት ነበረን፣ ከሱ በፊት ይመራኝ የነበረውንም ብታነጋግሩ ሙሉውን ታገኛላችሁ።" ከዚህ በላይ አትጨምሪ። ሐሜት ከጀመርሽ ያልቅብሻል። ደግሞ አትርሺ፣ የመጨረሻውን አሠሪ ሳያነጋግሩ የማይቀጥሩ ቀጣሪዎች አሉ፣ እዚያ ማምለጫ የለም። ስለዚህ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ውጤቶችሽን፣ የምስጋና ደብዳቤዎችሽን፣ ሬፈረንስ ሊሆኑሽ የሚችሉትን ሰዎች የግል ስልክ ቁጥር ገና መልቀቅሽን ሳትናገሪ ሰብስበሽ ያዢ። ያንቺ የሆነውን ማለቴ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ፋይልና የደንበኛ ዝርዝር እንዳትነኪ። መልቀቂያ ባስገባሽ ሰዓት ኢሜይልሽ ሊዘጋ ይችላል።

ለአለቃሽ ስትነግሪው ሬፈረንስ በዚያው ሰዓት ካላስፈለገሽ አትጠይቂው። ብዙ ዓመት አብሮሽ የሠራ ሰው መሄድሽን እንደ ክህደት ሊያየው ይችላል፣ መጀመሪያ ይብረድለት። ምናልባት ደመወዝ ልጨምርልሽ ይልሻል። የምትሄጂ ከሆነ ቶሎ ቁርጡን ንገሪው፤ ሁለት ሳምንት አንጠልጥለሽው "አይ እሄዳለሁ" ካልሽ ነው ሰው የሚቀየመው። ከዚያ ርክክቡን በደንብ አድርጊ። ምን የት እንዳለ፣ ያላለቀው ሥራ የቱ እንደሆነ፣ ለማን እንደሚደወል ጽፈሽ ተይ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስልክ ሲደወልለት መጀመሪያ ትዝ የሚለው 12ቱ ዓመት ሳይሆን የመጨረሻው ወር ነው፣ ፍትሐዊ ባይሆንም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ሳታነቢ ፈርመሽ አትውሰጂ። የሰው ሀብት ክፍል ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን መደብ ብቻ ነው የሚጽፈው። አንቺ ደግሞ ከታች ጀምረሽ ያደግሽ ከሆነ ሁሉም መደቦች ከነቀናቸው ይጻፉ በይ፣ ያለዚያ እድገትሽ ወረቀት ላይ የለም። የስምሽ አጻጻፍ ከመታወቂያሽ ጋር አንድ መሆኑን እዪ። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቀይሮ ወይም ከሌላ ጋር ተዋህዶ ከሆነ ያም ይጠቀስ። ማኅተም ያለበት ከአንድ በላይ ኦሪጅናል ጠይቂ። የሰው ሀብት ክፍል ሰዎች ሳይቀያየሩ ነው ይህ ሁሉ የሚቀለው።

ሬፈረንሶችሽን ደግሞ ቁጥራቸውን ለሌላ ቀጣሪ በሰጠሽ ቁጥር ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አንዴ እሺ ስላሉ ለሁልጊዜ አይደለም። ሲቪሽ ላይም ስማቸውን አትለጥፊ፣ የማታውቂው ሰው ሁሉ ይደውልላቸዋል። ውጤቱ ሲታወቅም ደውይላቸው፣ ሥራውን ባታገኚውም። የሚቀጥለው ቀጣሪ ሲደውል ስልኩን የሚያነሱት እነሱ ናቸው።