ቅጠሏ አምሮ አበባ የከለከለች ኦርኪድ

ጥያቄ፦ ልጄ ከአዲስ አበባ ኦርኪድ አምጥታልኝ ነበር። ስትመጣ ሐምራዊ አበባዋ ሞልቶ ነበር። አበባው ከረገፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቅጠል ብቻ ሆናለች። ቅጠሏ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፣ ያምራል። ያስቀመጥኳት ሳሎን ጥግ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። በነሐሴ ጥቁር አፈርና ፍግ ቀላቅዬ አዛወርኳት፣ ዩሪያም ጣል አደረግሁባት። አሁን የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ነው። ምን ይሻለኛል? (ከደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ አርሶ አደር እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ ከአፈሩ ያውጧት። ዛሬውኑ። ገብስና ባቄላ ያበቀለው አፈርዎ ለእሷ አይሆንም። እንደ አገላለጽዎ ከሆነ በየአበባ መሸጫው የሚገኘው ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት ትመስለኛለች። አገሯ ሞቃቱ የእስያ ደን ነው። እዚያ የምትኖረው ዛፍ ላይ ተጣብቃ፣ ሥሯን አየር ላይ ለቃ ነው። ዝናብ ሲመጣ ትጠጣለች፣ ወዲያው ትደርቃለች። አፈር ውስጥ ሲቀብሯት ሥሯ ታፍኖ ይበሰብሳል። አንድ የታች ቅጠል በእርጅናም ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ ከአፈርና ከዩሪያ በኋላ ከመጣ ግን ሥሩን ሳያዩ አይለፉት።

ለብ ባለ ውሃ አፈሩን አጥበው ሥሩን አንድ በአንድ በጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉ። ጤነኛው ጠንከር ያለ ነው፤ ሲደርቅ ብርማ ግራጫ፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። የበሰበሰው ቡናማ ነው፤ ሲጫኑት ልጣጩ ሙልጭ ብሎ ወጥቶ መሃሉ ላይ ክር ብቻ ይቀራል። እሱን በእሳት ባለፈ ምላጭ ቆርጠው ይጣሉት።

ማሰሮ አያስፈልግዎትም። የሁለት ሊትር ሃይላንድ አጋማሹ ላይ ይቁረጡ፣ ታችና ጎኑን በጋለ ሚስማር ይብሱት። ሥሯ በላስቲኩ ውስጥ ስለሚታይ ውሃ መቼ እንደጠማት ይነግርዎታል። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል የከሰል ስባሪ አቧራው እስኪለቅ አጥበው ይሙሉት። የፓይን ዛፍ ቅርፊት ካገኙ ይቀላቅሉበት፣ ይበልጥ ደስ ይላታል።

ውሃ የሚሰጡት ሥሩ ግራጫ ሲሆን ብቻ ነው፣ ሁልጊዜም ጠዋት። ሃይላንዱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይንከሩትና ጥሩ አድርገው ያንጠፍጥፉት። በክረምት የዝናብ ውሃ ቢያጠራቅሙላት ከቧንቧው ይሻላታል። ቅጠሎቿ የሚገናኙበት መሃል ላይ ውሃ ከገባ በጨርቅ ያድርቁት፤ እዚያ ካደረ እምብርቷ ይበሰብሳል።

አሁን ወደ አበባው። ያ የወደዱት ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ነው ምስጢሩን ያወጣው። ብርሃን አጥታለች። በደንብ ብርሃን ያገኘች ፋሌኖፕሲስ ቅጠሏ ፈካ ያለ ሣርማ አረንጓዴ ነው። ፀሐይ ወደሚወጣበት መስኮት ያስጠጓት፣ ስስ መጋረጃ ይኑር። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኛት፤ የደጋ ፀሐይ ቅጠል ያቃጥላል። እጅዎን ከቅጠሏ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አድርገው ጥላውን ይዩ። ጥላው ደብዘዝ ካለ ልክ ነው፣ ጥርት ብሎ ከተሳለ ፀሐዩ በዝቷል።

ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው፤ ይሄ እናንተ ዘንድ ለየት ይላል። ፋሌኖፕሲስ የአበባ ዘንግ የምታወጣው ሙቀቱ ለሳምንታት ቀዝቀዝ ሲልላት ነው። ቀን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ፣ ሌሊት ከ15 እስከ 18 ቢሆን ይስማማታል። ሞቃት አገር ያለ ሰው ይሄን ቅዝቃዜ ፈልጎ ያጣዋል። ደብረ ብርሃን ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የሚያስቸግረው መብዛቱ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ቅጠሏ ይጎዳል። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለሰው ነው እንጂ ለእሷ ምን ይሰጧታል? ከጥቅምት እስከ ጥር ሲመሽ ከመስኮቱ መስታወት አርቀው ቤቱ መሃል ያሳድሯት፣ ጠዋት ይመልሷት። ይሞቃታል ብለው ግን ከከሰል ምድጃ ወይም ቡና ከሚፈላበት ጥግ አያስጠጓት። ጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ እንቡጥ ያረግፋል። የበሰለ ሙዝም ያንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቧ አይቀመጥ።

ዩሪያውን ይተዉት። ለቅጠል እንጂ ለአበባ አይረዳም፣ ሥሯንም ያቃጥላል። አዲስ ሥር ስታወጣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ 20-20-20 የሚባለውን (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም እኩል ያለበትን) ማዳበሪያ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሩብ ብቻ በጥብጠው በሁለት ሳምንት አንዴ ይስጧት። በብርዱ ወቅት ይቅርባት።

ዘንጉ ብቅ ካለ እስኪያብብ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ዘንጉ ከወጣ ጀምሮ ማታ ከብርድ ከማሸሽ በቀር የቀን ቦታዋን አይለዋውጡ።

ጎረቤት ከወፍ ዋሻ ደን ነቅዬ ላምጣልዎ ቢልዎ እሺ አይበሉ። የዱር ኦርኪድ አብሮት ከሚኖረው ፈንገስ ሲለይ ብዙውን ጊዜ ቤት ገብቶ ይሞታል፣ ደኑም ይራቆታል።

ሁለተኛ ከገዙ ደግሞ ልጅዎ ሲምቢዲየም ብላ ትጠይቅልዎ። ቅጠሉ እንደ ሣር ረዘም ያለ፣ ከቅጠሉ ግርጌ ሽንኩርት የመሰለ እብጠት ያለው ነው። ለማበብ 10 ዲግሪ አካባቢ የሚወርድ ሌሊት ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ደጅዎ ላይ በነፃ አለ። መስከረምን በረንዳ ላይ ያሳልፍ፤ ውርጭ መጣል ሲጀምር ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገቡት።