ከሲሚንቶው በፊት ውሃው ይታይ

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል (በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ ከአያታችን የወረስነውን የድንጋይና የጭቃ ቤት ለማደስ ተነሥተናል። የጊዲር ጋሩ (የዋናው ሳሎን) ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ልስኑ እያበጠ ይረግፋል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርም ያወጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሲሚንቶ አስለስነን የፕላስቲክ ቀለም አስቀብተነው ነበር። ግንበኛው አሁንም ሲሚንቶው ወፈር ተደርጎ ይደገም ይላል፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ መደብ) ሁሉ ሴራሚክ ይልበስ ባይ ነው። የቤቱን ወግ ሳላጠፋ በተፈጥሮ ቁሳቁስ ማደስ ይቻለኛል?

መልስ፦ ይቻልዎታል፤ ሲሚንቶውን መድገም ግን ችግሩን መድገም ነው። የጁገል ቤቶች ግድግዳ በጭቃ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ስለሆነና ከመሬት እርጥበት የሚለየው ነገር ስለሌለ፣ ከሥር ውሃ መሳቡ አይቀርም። በጭቃና በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ይህን እርጥበት ቀስ በቀስ ወደ አየር ይለቀዋል። ሲሚንቶና የፕላስቲክ ቀለም መውጫውን ሲዘጉበት ግን ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከድንጋዩና ከአፈሩ ያሟሟውን ጨውም ከልስኑ ሥር ያከማቻል፤ ጨውም ሲደርቅ እየጠጠረ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ያዩት ነጭ ዱቄት ይኸው ጨው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ። አሸንዳው የሚያፈስሰው ግድግዳው ሥር እንደሆነ፣ የግቢው ወለል በየጊዜው እየተደለደለ ከቤቱ ወለል በላይ እንደሆነ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ይህ ሳይስተካከል የሚሠራ ልስን፣ በምንም ቁሳቁስ ይሠራ፣ ዕድሜ አይኖረውም። ቀጥሎ ሲሚንቶው በትንሽ መሮ በጥንቃቄ ይነሣ፤ ከባድ መዶሻ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ ያናጋል። የወጣውን ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት እንጂ በውሃ አያጥቡት፤ ካጠቡት ተመልሶ ይገባል።

ግድግዳው በደንብ ከደረቀ በኋላ ጎድጓዳው ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይሞላ፤ በላዩም አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይለሰን። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ በዝግታ ስለሆነ፣ እንደ ሲሚንቶ በማግሥቱ ደረቅ ብሎ እንዲገኝ አይጠብቁ፤ ለቀናት ውሃ እየረጩ ከፀሐይ ይከልሉት። ለሥራው የሚሻለው ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ከገባ በኋላ ነው። ለማቅለሚያውም ያው ኖራ እንደ ወተት ቀጥኖ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይቀባ፤ አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መቀባት ይሰነጥቀዋል። ያልበረደ (ውሃ ገና ያልነካው) ኖራ ከገዙ ደግሞ ኖራውን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ኖራው አያፍስሱ፤ በኃይል ይፈላል፣ ዓይንም ያጠፋል።

ወደ ነደባው ልምጣ፤ በዚህ ላይ ከወንድምዎ ጋር አልስማማም። ሴራሚክ የወለሉንና የነደባውን እርጥበት ስለሚያፍን ውሃው የሚሸሸው ወደዚያው ወደሚያድሱት ግድግዳ ነው። ከዚያም በላይ፣ በተለያየ ከፍታ የተሠሩት የነደባ መደቦች ማን የት እንደሚቀመጥ የሚናገሩ ናቸው፤ የአሚር ነደባ የቤቱ አባወራ ቦታ መሆኑን ለእርስዎ አልነግርዎትም። በቀይ አፈር የሚቀባውን የነደባ ቀይነትም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። የዘይት ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ፍቀው ያንሡትና ቀዩን አፈር ነፍተው፣ ዘፍዝፈው፣ በሥሡ ይደራርቡት። የአፈሩን ዓይነትና የአቀባቡን መጠን ከእኔ ይልቅ የሠፈርዎ እናቶች ያውቁታል፤ እነሱን ይጠይቁ። የስንደዶና የአክርማ ሥራዎቹን ግን ኖራው ፈጽሞ ሳይደርቅ አይስቀሉ፤ ይሻግታሉ።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ የጣሪያውን አግዳሚ እንጨት ከመንካትዎ ወይም የውጭውን ገጽታ ከመለወጥዎ በፊት የቅርስ ጉዳይ የሚመለከተውን ቢሮ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከዚራ ያለው የቤተሰባችን ቤት የእንጨት መስኮቶች በፀሐዩ ደርቀው እየተሰነጠቁ ነው። ቫርኒሽ ቢቀቡ ይድናሉ?

መልስ፦ ቫርኒሽ በድሬዳዋ ፀሐይ ቶሎ ይላላጣል፤ ዳግም ለመቀባትም ሁሉንም መፋቅ ይጠይቃል። የተልባ ዘይት ይመረጣል። እንጨቱ ከአሮጌ ቀለም ከጸዳ በኋላ ዘይቱን በሥሡ ይቀቡት፤ ያልጠጣውን ከደቂቃዎች በኋላ በጨርቅ ይጥረጉት፤ ሲደርቅ ይድገሙት። ጥሬው የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋልና አይቸኩሉ። የጠረጉበትን ጨርቅ ጠቅልለው ጥግ አይጣሉ፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ የተከመረ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፤ ወይም ውሃ ውስጥ ነክረው ያስቀምጡት።